ቪትዝ፣ ዲዛየር፣ ሲገል ወይስ አይዲ ፎር? ለእህቴ ልጅ የሰበሰብኩት ጥቆማ

የእህቴ ልጅ ባለፈው እሁድ ደወለች። "ጋሼ፣ እቁቡ ወጣልኝ። የቱን መኪና ልግዛ?" አለች። ሰላምታ እንኳን አልጨረስንም ነበር። ያማረጠችው አራት ነው፤ የቶዮታ ቪትዝና የሱዙኪ ዲዛየር በቤንዚን፣ የቢዋይዲ ሲገልና የቮልስዋገን አይዲ ፎር ደግሞ በኤሌክትሪክ።

ልጅቷ የምትኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሥራዋ ቦሌ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ደግሞ እናቷ ጋ ደብረ ብርሃን ትሄዳለች፤ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህን የምጽፈው አለ ምክንያት አይደለም። "ጥሩ መኪና የቱ ነው?" ለሚል ሰው መልስ የለኝም። የት ታድራለች፣ የት ትሄዳለች፣ ማን ይጠግናታል ካላችሁኝ ግን ወሬው ይጀመራል።

ዋጋ አልጽፍም። ዛሬ የጻፍኩት ነገ ይቀየራል። ብቻ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ከዚያ በፊትም የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አክብዶት ነበር። ስለዚህ ቤንዚን የሚሉ ሰዎች የሚገዙት እዚሁ ያለውን፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረውን ነው። በሌላው ዓለም መኪና ሲያረጅ ይረክሳል። እኛ ጋ ቪትዝ አርጅታም ትወደዳለች።

ምክር የጠየቅኩት መኪናውን ቆየት ብለው የያዙትን ነው። ደላላ አልጠየቅኩም። ባለፈው ወር የገዛንም አልጠየቅኩም፤ እሱ ገና ጫጉላ ላይ ነው።

ከራሴ ልጀምር። እ.ኤ.አ. የ2003 ሞዴል ቪትዝ አለችኝ፤ ከያዝኳት 11 ዓመቴ። ይቺ መኪና ጃፓን ውስጥ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ቅርጿን የነደፈው ሶቲሪስ ኮቮስ የሚባል ግሪካዊ ነው። አውሮፓ ውስጥ ያሪስ ተብላ የ2000 የዓመቱ መኪና ሽልማትን ወስዳለች። ዛሬ መንገድ ዳር ቆማ ስታዩዋት ይህ ሁሉ ክብር አይታሰባችሁም። ግን አስተውሏት። ከ20 ዓመት በላይ ሆኗት እንኳን የአያት መኪና አትመስልም። ክብ ክብ ያለ ነገር ቶሎ አያረጅም መሰለኝ።

የፍጥነት መቁጠሪያዋ መሃል ላይ ነው። ከሾፌሩ ፊት አይደለም። በዚህ ምክንያት ባለቤቴ ፍጥነቴን ከእኔ እኩል ታነባለች። 11 ዓመት ሙሉ።

ምቾት? አላጋንንም። ከፊት ለሁለት ሰው በቂ ናት። ከኋላ ሦስት አዋቂ ከጫናችሁ በየጉብታው ሆዷ ይነካል። ሞተሯ አንድ ሊትር ነው፤ በወረቀት 70 ፈረስ ጉልበት ገደማ አላት። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ዳገት ላይ ኤሲ አጥፍቼ ነው የምወጣው። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያማ ማርሽ እየቀነሱ መለማመጥ ነው።

ጥንካሬዋ ላይ ግን ምስክርነት እሰጣለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ጉድ ሠርታኛለች፤ እሱም የእኔ ጥፋት ነው። ለሦስት ዓመት ራዲያተሯ ውስጥ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ሳይሆን የቧንቧ ውሃ ስጨምር ኖርኩ። አንድ ቀን ከአባይ በረሃ ወደ ጎሃ ጽዮን ስወጣ የሙቀት ምልክቱ ቀይ ሆነ። "ትንሽ ትቀራለች" ብዬ ቀጠልኩ። በኮፈኑ ሥር ነጭ እንፋሎት ሲወጣ ነው የቆምኩት። ጓርኒሲዮኑ (የሞተሩ ማሸጊያ) ተቃጠለ፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ተጣመመ። ራዲያተሩ ሲፈታ የወጣው ውሃ የተልባ መልክ ነበረው፤ ዝገት ነው። የገባሁበት ጋራዥ ሥራውን በሳምንቱ ጨረሰ። ነገር ግን ኦሪጅናሉን የራዲያተር ክዳን በኮፒ ቀይረው ሰደዱኝ። ያወቅኩት ከሁለት ወር በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ መኪናዬን ጋራዥ ሳስገባ የሁሉንም ክዳን ፎቶ አነሳለሁ። ሳቁብኝ፤ ግን አንሱ።

የቪትዝ ትልቁ ሀብት ሞተሯ ብቻ አይደለም። ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ የማታገኙት ዕቃ የላትም። ስፖኪዮ በሉ፣ ኩሽኔታ በሉ፣ የበር እጀታ በሉ። ክፍለ ሀገር ብትቆሙ የሚፈታት መካኒክ አይጠፋም። እኔ "አስተማማኝ" የምለው ይህን ነው። የማይበላሽ መኪና የለም።

ልትገዙ ከሆነ አንድ ነገር ልንገራችሁ። "ቪትዝ" የጃፓን ገበያ ስም ነው፤ ጃፓን ደግሞ መሪው በቀኝ ነው። ከኋላ ቪትዝ የሚል ጽሑፍ ካለባት መሪዋ ዞሮ ይሆናል። ዳሽቦርዱ በደንብ መግጠሙን፣ መሪው እንዳልላላ እዩ። የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። ሞተሩ ሳይሞቅ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱ። ተልባ ካያችሁ፣ ባለቤቱ የእኔ ቢጤ ነውና ተመለሱ።

ዲዛየር ያለው ራይድ የሚሠራ የሰፈራችን ልጅ ነው። ፋዘር ነው የሚለኝ። ስለ መልኳ ስጠይቀው ሳቀ። "ፋዘር፣ ከፊት ቆንጆ ናት፣ ከኋላ የተቆረጠች ትመስላለች።" እውነቱን ነው፤ በእርግጥም ተቆርጣለች። ሕንድ ውስጥ ከ4 ሜትር በታች የሆነ ትንሽ መኪና ቀረጡ ይቀንሳል። ስለዚህ ርዝመቷን 3,995 ሚሊ ሜትር ላይ አቆሙት። የእ.ኤ.አ. 2017ቱ ሞዴል ሻንጣ ማስቀመጫ ግን 378 ሊትር ይይዛል። ከደብረ ብርሃን አንድ በግና አንድ ጆንያ ድንች ለሚያመጣ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ምቾቷን ወድጄላታለሁ። የኋላ ወንበሯ ከቪትዝ ጋር አይወዳደርም፤ እግር ይዘረጋል። የ2017ቱ ሞዴል ለኋላ ተቀማጭ የአየር መውጫ አለው። ከመሬት 163 ሚሊ ሜትር ከፍ ያለች ናት፤ የሰፈራችን ኮብልስቶን ሆዷን አይነካውም። ጉዳቷ ቅለቷ ነው። ክብደቷ 900 ኪሎ አይሞላም፤ አይሱዙ ሲያልፋት ትወዛወዛለች። በሩን ስትዘጉትም ድምፁ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል።

ልጁ የነገረኝን የመጨረሻውን ነገር ግን ወርቅ ብዬ ይዤዋለሁ። "ዲዛየር ስትገዛ ኪሎ ሜትሩን አትመን። የፍሪሲዮኑን ፔዳል ጎማ እየው።" ቆጣሪው 60,000 ብሎ ጎማው ተበልቶ ብረት ከታየ፣ መኪናዋ ራይድ ስትሠራ ኖራለች ማለት ነው። የሾፌሩ ወንበር ግራ ጠርዝም ያጋልጣል። በቀን 30 ጊዜ የሚወጣበትና የሚገባበት ወንበር ስፖንጁ ይተኛል።

አሁን ወደ ኤሌክትሪኮቹ።

የቢሮ ባልደረባዬ አይዲ ፎር አላት፤ ሁለት ዓመት ተኩል ነድታለች። ድሮ አባቷ ቮልስ ነበራቸው፤ ያቺን ድንቡሼ፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነ። የሚገርመው የዚችም ሞተር ከኋላ ነው፤ የምትገፋው በኋላ እግሯ ነው። ቤተሰቡ ከቮልስ ወደ ቮልስ ሄደ ብዬ እቀልድባታለሁ።

በምቾት ከአራቱ አንደኛ ናት፤ ክርክር የለውም። ትገባላችሁ፣ ወንበሩ መቀመጣችሁን ያውቃል፣ ፍሬን ረግጣችሁ መሄድ ነው። ቁልፍ ማዞር የለም። ዳገት አይታወቃትም፤ የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስማ! ከፍታው ጉልበቷን አይቀንሰውም። እንጦጦን ስትወጣ ከጎኗ ተቀምጬ ነበር። በቪትዜ አፈርኩ።

ቅሬታዋ ስክሪኑ ላይ ነው። መኪናዋ ለቻይና ገበያ የተሠራች ናት፤ ጽሑፉ ቻይንኛ ነው። መጀመሪያ ሰሞን በስልኳ ካሜራ እያስተረጎመች ነበር የምትነዳው። የኋላ መስኮት ለመክፈት መጀመሪያ አንድ ምልክት ነክቶ፣ ከዚያ የፊቱን ማብሪያ መጫን ነው። የድምፅና የሙቀት መቆጣጠሪያው በጣት የሚዳሰስ ነው፤ የእሷ ላይ ማታ መብራት የለውም። ውብ ነው፣ ግን በጨለማ እጃችሁ ይዳክራል። ደግሞ ከሁለት ቶን በላይ ትከብዳለች፤ ከሁለት ቪትዝ በላይ ማለት ነው። ጎማ ትበላለች። ስኮርት ጎማም የላትም።

ትልቁ ባትሪዋ 77 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ከቤት ተራ ሶኬት በሰዓት 2 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው የምትወስደው። ከባዶ እስከ ሙሉ 40 ሰዓት ሊነካ ነው። ማንም ከባዶ አይሞላም እርግጥ ነው። ግን ግቢ ያለው ሰው ማታ ሰክቶ ጠዋት ይነቅላል። ኮንዶሚኒየም ያለው ሰው ምን ያደርጋል? ይህን ጥያቄ ያዙልኝ።

ሲገል ያላቸው ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። በሹፌሩ በር ኪስ ውስጥ ባለ ሰማያዊ ሽፋን ደብተር አለ። ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ ፐርሰንት፤ በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ። የሲገልን ጉዳይ እሳቸውን ከመጠየቅ የተሻለ ምንጭ አላገኘሁም።

"ልጄ፣ ከ100 ኪሎ ሜትር 11 ኪሎዋት ሰዓት ነው የምትወስደው፤ ከተማ ውስጥ" አሉኝ። የእሳቸው ባትሪ ትልቁ ነው፣ 38.88 ኪሎዋት ሰዓት። ፋብሪካው 405 ኪሎ ሜትር ይላል፤ እሱ በቻይና መለኪያ ነው። እሳቸው ከ300 በላይ አልቆጥርም ይላሉ። ባትሪው ብሌድ የሚሉት፣ በብረትና በፎስፌት የሚሠራው ዓይነት ነው፤ እስከ 100 ቢሞሉት ብዙም አይጎዳም። የአይዲ ፎሩ ትልቁ ባትሪ ግን ኒኬል አለበት፤ ለዘወትር 80 ላይ ማቆም ይመረጣል።

መኪናዋ ትንሽ ናት። ወንበሯ አራት ብቻ ነው። የዝናብ መጥረጊያዋ አንድ ነው፤ አዎ፣ አንድ። ሐምሌ ላይ ያን አንድ ክንድ ሲወራጭ ብታዩት ታዝናላችሁ። ግን መስታወቱን ያጸዳል። መምህሩ አንድ ጊዜ መኪናዋ አልነቃ ብላቸው ነበር። ትልቁ ባትሪ ሙሉ ነው፤ የሞተው ትንሹ፣ የ12 ቮልቱ ነው። ኤሌክትሪክ የያዘ ሁሉ ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነው። ብዙ ሰው ሰው ጠርቶ አስጎትቶ፣ ከፍሎ፣ ከዚያ ነው የሚገባው።

መለዋወጫ ላይ ሁለቱም ኤሌክትሪኮች ይሸነፋሉ። ፍሬን ሸራና አሞርዛተር ይገኛል። የተሰበረ የፊት መብራት ግን አንድ የማውቀው ሰው ሁለት ወር ጠብቋል። በአሥረኛ ዓመታቸው ምን እንደሚሆኑ የሚነግረን ባለቤት ሰፈራችን ውስጥ የለም፤ ገና አልደረሱም። ቪትዜ ግን ደርሳ አልፋዋለች።

ለእህቴ ልጅ እንዲህ አልኳት። ግቢ ቢኖርሽ ሲገል እልሽ ነበር። ደብረ ብርሃን ስትወጪ ዳገቱና ብርዱ ባትሪውን ይበሉታል፤ ግን እዚያ ስለምታድሪ እናትሽ ጋ ሰክተሽ ትተኛለሽ፣ በ10 ሰዓት ግማሹን ይመልስልሻል። ስትመለሺ ደግሞ ቁልቁል ነው። ኮንዶሚኒየም እስካለሽ ድረስ ግን ራይድ ያልሠራች፣ ፔዳሏ ያልተበላ ዲዛየር ፈልጊ። አይዲ ፎርን ለባልደረባዬ ተይላት።

"እሺ ጋሼ" አለች። በጣም በትሕትና። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ሐሙስ ማታ መልሳ ደወለች። ሲገል አይታ መጥታለች። ለጋ አረንጓዴ፣ የቡቃያ ዓይነት ቀለም ያለው። ለአሥር ደቂቃ ስለ ቀለሙ ነገረችኝ። ከዚያ ድምጿን ቀነስ አድርጋ፣ "ጋሼ፣ ከሦስተኛ ፎቅ በመስኮት የሚወርድ ገመድ ስንት ሜትር ቢሆን ይበቃል?" አለች።

በመስኮት የሚባለውን እርሺው አልኳት። ቀጭን ኤክስቴንሽን ለሊቱን ሙሉ 2 ኪሎዋት ሲጎትት ይግላል፣ ይቀልጣል። ቆጣሪሽ ምድር ላይ ከሆነ የሕንፃውን ኮሚቴ አስፈቅጂ። ከቆጣሪው ራሱን የቻለ መስመር በወፍራም ሽቦ፣ ብሬከርና የመሬት መስመር (ኧርዝ) ያለው፣ ኤሌክትሪሺያን ይዘርጋልሽ። ኮሚቴው እንቢ ካለ ቀለሙን ፎቶ አንስተሽ አስቀሪው።

"ኮሚቴውን አነጋግሬያለሁ" አለች። "ሊቀመንበሩም ሲገል አላቸው።"