ሐዋሳ ላይ አዲስ ሙዚቃዊ ቴአትር፦ በቀጥታ ባንድ ወይስ በትራክ?

ታቦር_ማዶ፦
ሰላም ወገኖች። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያሉ የአሞራ ገደል ዓሣ አስጋሪዎችን ሕይወት የሚያሳይ ሙዚቃዊ ቴአትር ለልምምድ ዝግጁ ነው። 90 ደቂቃ፣ 9 ተዋናይ፣ 14 ዘፈን አለው። ክራር፣ ዋሽንት፣ ከበሮና ኪቦርድ አግኝተናል፤ ሽቦ አልባ ማይክ ግን 4 ብቻ ነው። አዳራሹ 300 ሰው ገደማ የሚይዝ የትምህርት ቤት አዳራሽ ነው። ሙዚቃው በትራክ (ቀድሞ በተቀረጸ ሙዚቃ) ይሁን ወይስ በቀጥታ? ግጥሙስ በሙዚቃው ሳይዋጥ እንዴት ይሰማል?

የመጋረጃ_ጀርባ፦
በቀጥታ አድርጉት። ተመልካች እልልታውን ሲያቀልጠው ወይም ተዋናይ ቃለ ተውኔቱ ሲጠፋበት ትራክ አይጠብቅም። በንግግር ሥር የሚሄደውን ሙዚቃ አራት ባር (አጭር የምት ክፍል) እየተደጋገመ እንዲቆይ አድርጋችሁ አዘጋጁት፤ ባንዱ ከድግግሞሹ የሚወጣው የተዋናዩን የመጨረሻ ቃል ሲሰማ ይሁን። ያቺን ቃል ሙዚቀኞቹ ወረቀታቸው ላይ ያስምሩባት።

14 ዘፈን ግን በዝቷል። እያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ ተኩል ቢወስድ 49 ደቂቃ በዘፈን ያልቃል፤ ውዝዋዜና የመድረክ ለውጥ ሲጨመርበት ለታሪኩ ምን ይተርፋል? ድርሰቱን ዘፈኖቹን እየዘለላችሁ አንድ ጊዜ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ቢዘለልም ታሪኩ ምንም የማይጎድልበት ዘፈን፣ ዜማው የቱንም ያህል ቢያምር ይውጣ። አዲስ ሥራ ላይ ይህን መጨከን ከልምምድ በፊት ካልቻላችሁ ተዋናዮቹ ዘፈናቸውን ከወደዱት በኋላ አትችሉም።

ባለ_ስድስት_ክር፦
በቀጥታ ከሆነ የቅኝቱን ቅደም ተከተል አሁኑኑ ጻፉ። ከትዝታ ሜጀር ወደ ትዝታ ማይነር መሻገር ቀላል ነው፤ ሚ እና ላ የሚባሉት ድምፆች ግማሽ ድምፅ ይወርዳሉ፣ ሌላው ባለበት ይቆያል። ከትዝታ ሜጀር ወደ አምባሰል ወይም ወደ አንቺ ሆዬ ለመሄድ ግን ቢያንስ ሦስት ክር ይነካል፤ ጸጥ ባለ ትዕይንት ውስጥ የቅኝት ድምፅ ይሰማል። ወይ ሁለተኛ ክራር ተቃኝቶ ይቀመጥ፣ ወይ በመሀል ሁለት ደቂቃ ሞቅ ያለ ንግግር አስገቡ።

ዋሽንት ደግሞ እያንዳንዱ የራሱ ቁልፍ (የዜማ መነሻ ድምፅ) አለው። ዘፋኟ «ትንሽ ዝቅ ይበልልኝ» ካለች ዋሽንቱ ራሱ መቀየር አለበት። ስለዚህ የዘፋኞቹ ቁልፍ በመጀመሪያው ሳምንት ይወሰን። ክራሩን ተመልካች ከመግባቱ 30 ደቂቃ በፊት መድረክ ላይ፣ የመድረኩ መብራት እየበራ ቃኙት። ቀዝቃዛ ጓዳ ውስጥ የተቃኘ ክር መብራቱ ሲያሞቀው ይወርዳል። የከበሮው ቆዳም በክረምት እርጥበት ይላላል፤ ደረቅ ቦታ ይደር።

ሳውንድ_ሐይቅዳር፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ንግግርም ዘፈንም የሌለበትን ንጹሕ ውዝዋዜ ግን በትራክ ብታደርጉት አይጎዳም፣ ሙዚቀኛውም ያርፋል።

ስለ ግጥሙ፦ እንዲህ ያለ አዳራሽ ውስጥ ከበሮው ማይክ አያስፈልገውም። መጀመሪያ የሰው ድምፅ ብቻ ክፈቱ፤ የመጨረሻው ረድፍ የተቀመጠ ሰው እያንዳንዱን ቃል ከሰማ በኋላ ኪቦርዱን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ኪቦርዲስቱ ግራ እጁን ይቀንስ፤ ቃል የሚውጠው በአብዛኛው ያ ዝቅተኛ ድምፅ ነው። ስፒከሮቹ ከተዋናዮቹ ፊት ይቁሙ፣ ከኋላ ከሆኑ ማይኩ ይጮኻል።

4ቱን ማይክ ለብቸኛ ዘፋኞች ስጡና ማን ከማን፣ በየትኛው ትዕይንት እንደሚቀባበል ወረቀት ላይ ጽፋችሁ መድረክ ጀርባ ለጥፉ። ለማስተላለፍ አንድ ሰው ብቻ ይመደብ። ቄጣላ (የሲዳማ ባህላዊ ዜማ) ካስገባችሁ ብዙ ሰው በአንድነት የሚያዜመው ስለሆነ ያለ ማይክ ይሞላል። ባትሪ በየትርኢቱ አዲስ ይሁን። ሚክሰሩና (ድምፅ ማመጣጠኛው) ኪቦርዱ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ላይ ይሰኩ፤ ዲጂታል ሚክሰር መብራት ሄዶ ሲመጣ እስኪነሳ ጊዜ ይፈጃል።

ታቦር_ማዶ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! አራት ዘፈን ዛሬውኑ ይወጣል። ዜማ ደራሲው ጓደኛችን ነው፤ ውል ያስፈልጋል?

የመጋረጃ_ጀርባ፦
አዎ፣ በጽሑፍ። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ዜማው የደራሲው ነው፤ የኢኮኖሚ መብቱም በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ውሉ ላይ ስንት ትርኢት እንደተፈቀደ፣ ቪዲዮ ተቀርጾ ዩቲዩብ ላይ መጫን ይቻል እንደሆነና ከትኬት ገቢ ድርሻው ስንት እንደሆነ ለየብቻ ይጻፍ። የቪዲዮውን ጉዳይ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ጠብ የሚነሳውም እዚያ ላይ ነው።