«እንደዚህ ሲወርዱ አይቼ አላውቅም»፦ ሙገሳ ነው ወይስ ስድብ?

ዘካዛንችስ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ ዓረፍተ ነገር ይዞኛል። መነሻው የካዛንችስ አዝማሪ ቤት የሆነው የፈንድቃ የባህል ቡድን አውሮፓ ውስጥ በአንድ ፌስቲቫል ላይ ያቀረበውን ትርኢት በቪዲዮ እያየሁ ነው። ከተመልካቾቹ አስተያየት አብዛኛው አያስቸግርም፤ «አንጀቴን አራሱት»፣ «ማሲንቆው አንጀት ይበላል»፣ «ትከሻችሁ አይታመም»። አንዱ ግን እንዲህ ይላል፦ «እነዚህን ልጆች ከካዛንችስ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። እንደዚህ ሲወርዱ ግን አይቼ አላውቅም።» ከሥሩ ጦርነት ተነሥቷል። ግማሹ «ምቀኛ» እያለ ይሰድበዋል፣ ግማሹ «ልክ ብለሃል፣ አቤት አወራረድ!» ይለዋል። ጸሐፊው ራሱ ድምፁን አጥፍቷል። አማርኛ ለማታውቅ የሥራ ባልደረባዬ አስተያየቶቹን ወደ ጀርመንኛ እየመለስኩላት ነውና እስከ ነገ መወሰን አለብኝ። እስክስታ ወረዱ ነው ወይስ ደረጃቸው ወረደ?

አምባሰል፦
ወንድሜ፣ ሙገሳ ነው፤ ምኑ ያጠራጥራል? ዘፈን ይዘፈናል፣ ጭፈራ ይጨፈራል፣ እስክስታ ደግሞ ይወረዳል። ሰው ልቡ ሲሞቅ «እስክስታ» የሚለውን ይውጠውና «ወረደችው!» ብቻ ይላል። ወሎ ላደገ ሰው ይህ ጥያቄ አይደለም።

ነጠላ ሰረዝ፦
እመት አምባሰል፣ መልሱን ራስዎ ሰጡን። «ወረደችው» ሲሉ «ው» አለች። አስተያየቱ ግን «ሲወርዱ» ይላል እንጂ «ሲወርዱት» አይልም። እስክስታም አልተጠራ፣ «ው»ም የለች። ብቻውን የቆመ «ወረደ» በዛሬ አማርኛ ያው ወረደ ነው፤ ዋጋ ወረደ፣ ቡድኑ ከሊጉ ወረደ፣ የወረደ ሥራ። በዚያ ላይ «ግን» ተጨምራለች። ለእኔ ስድብ ነው፣ ያውም በጨዋ ደንብ የተሰደበ።

የዋሸራው፦
ልጆች፣ ከሥሩ ሳትነሡ ቅርንጫፍ ላይ ትጣላላችሁ። ወረደ ግእዝ ነው። በየቀኑ ጸሎተ ሃይማኖት እየደገማችሁ «ወረደ እምሰማያት» የምትሉ ሰዎች ቃሉን ከዋጋ ቅናሽ ጋር ታስሩታላችሁ? ዳዊትስ በ71ኛው መዝሙር «ይወርድ ከመ ጠል ውስተ ፀምር» አላለምን? የዜማ ነገር ሁሉ አወራረዱ ከላይ ነው። ቅዱስ ያሬድ ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይን ከሦስቱ አዕዋፍ ሰማ ይባላል እንጂ ከጉድጓድ ቆፈረ አይባልም። ስለዚህ እስክስታ ወረደ ማለት ሀብቱ ወረደለት ማለት ነው። የተጠራጠረ የ1948ቱን የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላት ገልጦ ግሡን ያጥና፤ ከዚያ ይመለስ።

ዋድላ ደላንታ፦
መምህር፣ እጅ ነሥቻለሁ። ጸሎተ ሃይማኖት ይዘው አዝማሪ ቤት ሲገቡ ግን የንስሐ አባትዎ ያውቃሉ? የዋሸራ ቅኔ ቤት እንዲህ ነው፤ ሰሙ ሲያምርለት ወርቁን ይረሳል። ሀብት ከላይ የሚወርድ ከሆነ መውረድ ያለበት እስክስታው ነው። እኛ ግን «እስክስታ ወረደች» ስንል የምትወርደው ሴትዮዋ ናት። ባለቤቱን ለይተው ይንገሩን።

የዋሸራው፦
ዋድላ ባለቤትና ተሳቢ መለየት የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው? «ሙሾ አወረደች» እንል የለምን? «የእርግማን መዓት አወረደበት» እንል የለምን? ሙሾውም እርግማኑም ይወርዳል፤ ሰውየው አውራጅ ነው። እስክስታም ከዚያው ወገን ነው።

ነጠላ ሰረዝ፦
«አወረደች» አሉ እኮ መምህር። «አ» ገብታለች። እስክስታ ላይ «አ» የት አለች? «እስክስታ አወረደች» ብሎ የሚናገር ሰው ካለ ሌላውን አስጨፈረች ለማለት ነው። «ሙሾ ወረደች» ብሎ የሚናገር አልቃሽ ካመጡልኝ ኮምፒውተሬን ሸጬ ዋሸራ እገባለሁ።

እውነተኛ ዘመዱ ሌላ ነው። «ውኃ ወረደች» እንላለን። ውኃው የትም አልወረደም፤ እንስራ አዝላ ወደ ምንጩ የወረደችው እርሷ ናት። «ቆላ ወረደ»፣ «ገበያ ወረደ» እንዲሁ ነው። እስክስታም ሰው የሚሄድበት ነገር ነው፤ እንደ ወንዝ ወደ ታች ይኬድበታል። «እስክስታን ወረደች» የማንለው ለዚህ ነው። ይህ ግን አስተያየቱ ስድብ ነው ያልኩትን አይነካውም።

ድፋትና ጭረት፦
እንዴት እስካሁን ማንም አላነሣውም? ከስምንቱ የዜማ ምልክቶች አንዱ «ደረት» አይደለምን? ድምፅ ዝቅ ብሎ ከደረት የሚወጣበት። «ድፋት»ስ? ድምፅ ወደ ታች የሚደፋበት። እስክስታ በምን ይመታል? በትከሻና በደረት። እስክስተኛው በሰውነቱ ደረትና ድፋት እየጻፈ ነው ማለት ነው። «ወረብ»ም ከ«ወረደ» ብዙ አይርቅም፤ ካህናቱ ሲወርቡ ተመልከቱ፤ መቋሚያው ይወርዳል፣ ጸናጽሉ ይወርዳል፣ ሁሉም ይወርዳል።

የዋሸራው፦
መቋሚያው ይነሣልም። ወረብ በ«በ» ነው፣ ወረደ በ«ደ» ነው። እንደ አንተ ስሌት ወረሰ፣ ወረረ፣ ወረወረና ወረቀት ሁሉ የአንድ እናት ልጆች ሊሆኑ ነው።

አምባሰል፦
እናንተ ሰዎች ቪዲዮውን አይታችሁታል? 14ኛው ደቂቃ ላይ ማሲንቆ መቺው ደጋኑን ያነሣና ከበሮው ብቻውን ይቀራል። ያቺ ቀጭኗ ልጅ ጉልበቷን ሰበር ታደርጋለች፤ ትከሻዋ እየተርገበገበ ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ ትላለች፤ የነጠላዋ ጥለት መሬት ሊነካ ምንም አይቀረውም፤ አንገቷ ግን ቀጥ እንዳለ ነው። ፊት ለፊቷ የቆሙት ፈረንጆች ትከሻቸውን ሊነቀንቁ ይታገሉና የሚነቃነቀው ክርናቸው ነው። ይኸው ነው መውረድ። ሰውነቷ ወረደ፤ አለቀ። ከሰማይም ከምንጭም አታምጡት።

ዋድላ ደላንታ፦
እመት አምባሰል፣ አፈ ጮማ ይሁኑ። እንዲህ ከተሳለልኝ በኋላ እኔም ወደ ሙገሳው አጋድያለሁ።

ነጠላ ሰረዝ፦
የሚያምር ሥዕል ነው፤ ማስረጃ ግን አይደለም። እንደ ችካል ቆሞ በትከሻው ብቻ ለሚመታውስ ምን ልንል ነው? ቁመቱ አንድ ጣት ሳይቀንስ እርሱንም «እስክስታ ወረደ» እንለዋለን። መውረድ ማለት ዝቅ ማለት ቢሆን ኖሮ እርሱ ቆመ ይባል ነበር።

አምባሰል፦
ትከሻው አይወርድም? ወጥቶ የሚቀር ትከሻ አይተህ ታውቃለህ?

ዘካዛንችስ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ነገሩ ግን ባሰብኝ። እመት አምባሰል ባሉት መሠረት ቪዲዮውን ደግሜ ሳየው ከዚያች ልጅ ጥቂት ቆይቶ ሁለቱ ተወዛዋዦች ከመድረኩ ዘልለው ሕዝቡ መካከል ይገባሉ። ታዲያ ሰውየው ይህንን ቢሆንስ ያለው? አዝማሪ ቤት እኮ አዝማሪው በእንግዶቹ መካከል እየተዘዋወረ፣ ፊታቸው ቆሞ፣ «ተቀበል» እየተባለ ነው የሚጫወተው። ከምን ላይ ይወርዳል? ካዛንችስ ሲወርዱ አይቶ አለማወቁ ትክክል ነው፤ መውረጃ አልነበራቸውም። አሁን ሦስት ትርጉም ይዣለሁ፤ ባልደረባዬ የምትፈልገው ግን አንድ ነው።

ነጠላ ሰረዝ፦
እንደዚያ ከሆነ «ከመድረክ» የሚል ቃል ያስፈልገው ነበር።

ዋድላ ደላንታ፦
አንተ ለሁሉም የጎደለ ቃል አለህ። እኔ የምለው ጉዳዩ በተዋረድ ለወረዳው ይቅረብ።

ድፋትና ጭረት፦
«ፈንድቃ» የሚለው ስም ራሱ ይመርመር። ፈነደቀ ከፈነዳ ነው፤ ደስታ ሲሞላ ይፈነዳልና። የፈነዳ ነገር ደግሞ ወደ ላይ ወጥቶ ይወርዳል፤ ስለዚህ...

አወያይ፦
«ፈነደቀ» ራሱን የቻለ ርዕስ ይከፈትለት። ጠያቂው መልስ እየጠበቁ ነውና ወደ ዓረፍተ ነገሩ እንመለስ። ከዚህ በኋላ መልእክት ብሰርዝ ውርድ ከራሴ።

የዋሸራው፦
ይኸው! «ውርድ ከራሴ»። በራስ ላይ የሚወርድ ዕዳ ማለት ነው፤ ከላይ ወደ ታች። አወያዩ ሳያውቁት መሰከሩልኝ።

ነጠላ ሰረዝ፦
ያ ስም ነው፣ ግሥ አይደለም። መምህር፣ «ሙሾ ወረደች» የሚለውን ማስረጃ አሁንም እየጠበቅሁ ነው።

የዋሸራው፦
ነገ ከቅዳሴ መልስ አመጣልሃለሁ። ኮምፒውተሩን እስከዚያ አጽዳው፤ ገዢ አቧራ አይወድም።