የአባቴን የገና ካሴት እንዴት ላትርፈው?

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጨንቆኛል፤ የምታውቁ እባካችሁ አግዙኝ።

አባቴ የላስታ ሰው ነበር። አዲስ አበባ ከገባ በኋላም ገና ሲደርስ ልቡ ላሊበላ ነው። በ1985 ዓ.ም. ታኅሣሥ 29 ቤታችን ውስጥ የቀዳው አንድ ካሴት አለን። መጀመሪያ እሱ «ቤዛ ኩሉ»ን ያዜማል። ካህናቱ በቤተ ማርያም ግማሾቹ ከላይ፣ ግማሾቹ ከታች ሆነው እንዴት እንደሚያሸበሽቡ ይነግረናል። ከዚያ እናቴ «አሲና በል አሲና ገናዬ» ትላለች፤ እኛ ልጆቹ እንቀበላለን። ማማሰያው የወጡን ድስት ሲነካ እንኳ ይሰማል። አባቴ ካረፈ ወዲህ ድምፁ ያለው እዚህ ካሴት ላይ ብቻ ነው።

ባለፈው ሳምንት ቴፑ ክሩን ጎረሰው። ቀስ ብዬ አወጣሁትና በእስክሪብቶ መልሼ ጠቀለልኩት። ግን አንድ ቦታ ተበጥሷል፣ ሌላው ተጨማድዷል። የወሰድኩበት ጥገና ቤት «ጣለው» አለኝ። እንዴት እጥለዋለሁ?

የተበጠሰውን በተራ ፕላስተር ልቀጥለው ፈራሁ፤ ሙጫው ክሩንም የቴፑን «ሄድ» (ድምፁን ከክሩ ላይ የሚያነበውን ክፍል) ጭምር ያበላሻል። በምን ይቀጠላል? ክሩን አውጥቶ ወደ ሌላ ካሴት ቀፎ ማዛወርስ ይሻል ይሆን? አዲስ አበባ ውስጥ ካሴት ወደ ፍላሽ የሚገለብጥ፣ እጁ የሚታመን ባለሙያ ካወቃችሁ ጠቁሙኝ። ገንዘቡን አላስብበትም።

እናቴ 80 ዓመት ሆኗታል። ለዘንድሮ ገና ድምፁን ላሰማት እፈልጋለሁ።