ሁለት ቀይ የስዊስ ሰንጢ ገዛሁ፤ አንዱ ፌክ ይሆን?

ጥያቄ፦ መንገደኛው
ሰላም ናችሁ? ፍራንክፈርት ነው የምኖረው። ከሰልባጅ ገበያ ሁለት የስዊስ ሰንጢ ገዛሁ፣ ሁለቱም ቀይ፣ ሁለቱም ነጭ መስቀል ያለባቸው። ቤት ገብቼ ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ግን ጭራሽ አይገናኙም። የአንዱ መስቀል ጋሻ መሳይ ነገር ውስጥ ነው፣ የሌላው ማዕዘኑ የተድቦለቦለ ካሬ ውስጥ። ባለ ካሬው አጠር ይላል፣ ስለቱ ላይ «ቬንገር» ተብሎ ተጽፏል፣ ቆርቆሮ መክፈቻውም እንደ አሞራ መንቁር የታጠፈ ነው። ተሸውጄ ነው? አንዱን ለአባቴ ልወስድለት ነበር። ገጠር ነው ያለው፣ እርሻም ከብትም አለው። የቱ ይሻለዋል?

ሰናይት
አልተሸወድክም። ይህን ሰንጢ ለረጅም ጊዜ የሠሩት ሁለት የስዊስ ፋብሪካዎች ናቸው። ቪክቶሪኖክስ ጀርመንኛ በሚነገርበት በሽቪትስ ካንቶን (ክልል እንደማለት ነው)፣ ቬንገር ደግሞ ፈረንሳይኛ በሚነገርበት በጁራ፣ ዴሌሞን ከተማ። ከ1908 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ጀምሮ የአገሪቱ ጦር ትዕዛዙን ግማሽ ግማሽ ያካፍላቸው ነበር፣ ዘዴኞች ናቸው መቼም። በ2005 ቪክቶሪኖክስ ቬንገርን ገዛው፤ ከ2013 በኋላ በቬንገር ስም ሰንጢ መሥራት ቆመ። ስሙ አሁን ቦርሳና ሰዓት ላይ ነው ያለው። ጋሻው የቪክቶሪኖክስ፣ ካሬው የቬንገር ምልክት ነው።

ባለ ወርክሾፑ
ሰናይት ጨርሳዋለች፣ እኔ አሠራሩን ልጨምር። የቪክቶሪኖክሱ ተራ መጠን 91 ሚሊሜትር ነው፣ የቬንገሩ 85። እጅህ ትልቅ ከሆነ ልዩነቱ ይሰማሃል። ዋናው ነገር ግን ቆርቆሮ መክፈቻው ነው። የቪክቶሪኖክሱ ወደ ፊት እየገፋህ ነው የሚቆርጠው፣ ጫፉም ጠፍጣፋ ትንሽ ካቻቢቴ ስለሆነ ሁለት ሥራ ይሠራል። የቬንገሩ መንቁር ወደ ራስህ እየሳብክ ነው። አንዱን የለመደ ሰው ሌላውን ሲይዝ «ይሄ ነገር አይሠራም» ብሎ ይወረውረዋል፣ አቅጣጫውን ስላላወቀ ብቻ። መቀስ ካላቸው እሱም ይለያያል፤ የቬንገሩ ስለት ደቃቅ ጥርስ አለው፣ ስለዚህ የምትቆርጠው ነገር አይንሸራተትም። የቪክቶሪኖክሱ ለስላሳ ሆኖ በቀጭን ሞላ ነው የሚከፈተው። ያቺ ሞላ ትሰበራለች፣ ግን ለብቻዋ ትሸጣለች፣ ዋጋዋም ትንሽ ነው።

መንገደኛው
አመሰግናለሁ፣ ተገላገልኩ። ቪክቶሪኖክሱ መቀስ የለውም፣ ሁለት ስለት፣ ሁለት መክፈቻ፣ ወስፌ፣ ጀርባው ላይ የቡሽ መንቀያ። አባቴ ወይን አይጠጣ፣ መንቀያው ምን ያደርግለታል?

ባለ ወርክሾፑ
ያንተ ስፓርታን የሚባለው ነው። መንቀያውን አትናቀው! መሐሉ ላይ የምትጠመዘዝ ሚጢጢ ካቻቢቴ ለብቻዋ ትሸጣለች። የመነጽር ብሎን ማጥበቂያ ናት። አባትህ መነጽር ካደረጉ ከስለቱ በላይ የሚወዷት እሷን ነው። ካልፈለግክ ቲንከር የሚባለው አለ፣ እሱ በመንቀያው ቦታ ባለ መስቀል አፍ ካቻቢቴ ነው ያለው። ክላይምበር መቀስ ይጨምራል፣ ሀንትስማን በዚያ ላይ የእንጨት መጋዝ። ለገጠር እኔ ብሆን ሀንትስማንን ነው የምወስድላቸው። ወፈር ይላል፣ ግን ቅርንጫፍ ይቆርጣል።

ጎበዝ አየሁ
አንድ ነገር ረሳችሁ። እነዚህ ሁሉ ስለታቸው አይቆለፍም፣ ሞላው ብቻ ነው የሚይዘው። ጠንካራ ነገር ውስጥ ሰክተህ ብትጠመዝዘው ጣትህ ላይ ይዘጋል። ጋሼ ገመድና ልጥ ለመቁረጥ ከሆነ ችግር የለም፣ ለከባድ ሥራ ግን 111 ሚሊሜትሩ ይሻላል፣ እሱ ይቆለፋል። ከ2008 ወዲህ ያለው የስዊስ ወታደር ሰንጢም በዚያ መጠን የተሠራ ነው፣ በአንድ እጅ ይከፈታል፣ መጋዝም አለው። የ1961ዱ ግን 93 ሚሊሜትር ነው፣ እጀታው አሉሚኒየም፣ አይቆለፍም።

ሰናይት
ወታደሩን ከገዛህ ደግሞ ኪስህ ከተህ ፍራንክፈርት መሐል እንዳትዞር። በአንድ እጅ ተከፍቶ የሚቆለፍ ሰንጢ ያለ በቂ ምክንያት በአደባባይ መያዝ ጀርመን ውስጥ ክልክል ነው፣ ሕጉ በ2024 ደግሞ ይበልጥ ጠብቋል። ስትበርም የትኛውም ይሁን ሻንጣህ ውስጥ አድርገህ አስጭነው፣ በእጅህ አትያዘው። ፍተሻ ላይ ከተወሰደብህ አይመለስም።

መንገደኛው
እሺ፣ ሀንትስማን ልግዛለት፣ ሁለቱ ለእኔ ይቅሩ። ቬንገሩ ግን ሲከፈት በጣም ይጠብቃል፣ ጥፍሬን ነው የሚሰብረው። ምን ላድርግ?

ባለ ወርክሾፑ
ውስጡ የኪስ ብናኝ ሞልቶበት ነው። ለብ ባለ ውሃ ከተተህ ውሃው ውስጥ እንዳለ ደጋግመህ ክፈተው ዝጋው፣ ከዚያ በደንብ አድርቀህ መታጠፊያው ላይ አንድ ጠብታ ዘይት። የምግብ ዘይት አይሁን፣ ቆይቶ ይጣበቃል። እጀታው ላይ የተሰኩ ወረንጦና ስቴኪኒ ካሉት ቀድመህ አውጣቸው። ስቴኪኒው ከጠፋ ደግሞ ስትገዛ መጠኑን ንገራቸው፣ የትንሿ የ58 ሚሊሜትር ሰንጢ ስቴኪኒ ለ91ዱ አይሆንም።