መነጽሩን ካጠለቅሁ በኋላ ኪቦርዱ ይጠፋብኛል

ጠያቂው፣ ከደሴ
ሰላም ለሁላችሁ። ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተርን፣ የአውሮፕላን ማብረሪያ ጌሙን፣ ዓይን በሚሸፍነው የቪአር መነጽር ከጀመርኩ 3 ሳምንቴ ነው። ከኮምቦልቻ ተነስቼ፣ ሐረጎን አልፌ ደሴን ከላይ አየኋት። ጦሳን እንዲህ አይቼው አላውቅም፣ ወላሂ! ችግሩ እጄ ነው። የሴስና 172 (የትንሿ አውሮፕላን) ዳሽቦርድ ፊቴ ተደርድሯል፣ የራሴ ኪቦርድ ግን አይታየኝም። ፍላፕ (ክንፉ ጀርባ ያለውን ታጣፊ) ላወርድ ስል ሌላ ነገር እነካለሁ። ትናንት ጭራሽ እናቴ ያመጣችልኝን ቡና ደፋሁት። «ያንን ነገር ዓይንህ ላይ አስረህ ምንድነው የምትዳብሰው?» አለችኝ። አሁን በአፍንጫዬ በኩል ባለችው ክፍተት እያጮለቅሁ ነው የምበርረው። የመነጽሩን ኮንትሮለር እንዳላነሳ ጆይስቲኩን መልቀቅ አለብኝ። እናንተ እንዴት ታደርጋላችሁ?

ከኮምቦልቻ
አብሽር ወንድሜ፣ ሁላችንም ዳብሰናል። ጆይስቲክህ አናት ላይ በአውራ ጣት የምትገፋት ሃት ስዊች አለች አይደል? ያለ መነጽር ስትጫወት ግራ ቀኝ የምታየው በእሷ ነው። አሁን ግን አንገት አለህ! ሴቲንግ ውስጥ ግባና ከእይታ አላቃት። ላይና ታቹን ለትሪም (የአውሮፕላኑን አፍንጫ ከፍ ዝቅ አድርጎ ለሚያስተካክለው)፣ ግራ ቀኙን ለፍላፕ ስጣት። ሬዲዮውን ምኑን በማውዝ። ማውዙን ግን ሁሌ አንድ ቦታ አስቀምጠው።

ከወልድያ
ከላይ የተባለው ልክ ነው። ኪቦርድህ ላይ ኤፍና ጄን ዳብሳቸው፣ ትንሽ ጉብታ አላቸው። ሳያዩ ለሚጽፉ ሰዎች የተሠራች ናት። እኔም ያንኑ አደረግሁ። ሰፈራችን ካለው ልብስ ሰፊ የሸሚዝ ቁልፍ ለምኜ ቁልፍ ላይ ቁልፍ ለጠፍኩ። ፍሬን ባለ 4 ቀዳዳ፣ እይታ ማስተካከያው ባለ 2። ጣቴ ይለያቸዋል። በሱፐር ግሉ እንዳትሞክረው፣ አንዷን አድርቄ አስቀርቻታለሁ። በሁለት በኩል የሚለጥፍ ፕላስተር ይበቃል።

ጠያቂው
ቁልፍ ላይ ቁልፍ! ገደልከኝ። ሌላም ነገር ልጠይቅ፣ ከኮምቦልቻ ስነሳ አውሮፕላኑ የደከመ በቅሎ ነው የሚሆንብኝ። ጆይስቲኬ ይሆን?

ከኮምቦልቻ
ጆይስቲክህ ምንም አላደረገም። ሜዳችን ከባሕር ጠለል ከ1,800 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ስስ ነው። ሚክስቸሩን (ነዳጅና አየር የሚመጥነውን ቀይ እጀታ) እስከ ጥግ ገፍተህ ከተነሳህ ነዳጁ ለአየሩ ይበዛበታል፣ ሞተሩም ይደክማል። ፍሬን ይዘህ ትሮትሉን (የሞተሩን ጉልበት መጨመሪያ) ሙሉ ስጠው። ከዚያ ቀይዋን ቀስ እያልክ ሳብ፣ የሞተሩ ዙር ከፍ ብሎ መውረድ ሲጀምር ትንሽ መልሳት። ጆይስቲክህ አንድ ስላይደር ብቻ ካለው እሱን ለትሮትል ተወው። ሚክስቸሩን ግርጌው ላይ ካሉት ሁለት ጎረቤታም ቁልፎች ስጠው፣ አንዱ ይገፋል፣ አንዱ ይስባል።

ጠያቂው
ሞከርኩት። እንደ ወፍ ተነሳ! ደሴን ዞሬ፣ ፍላፑን በአውራ ጣቴ አውርጄ፣ ኪቦርዱን ሳልነካ ኮምቦልቻ ላሳርፈው ጥቂት ሲቀረኝ መብራት ጠፋ። የወልድያው፣ ለእሱ የሚሆን ቁልፍ ልብስ ሰፊው ጋ ካለ ላክልኝ።