«ቲሸርቱን ለአከራዬ ልስጠው?»፦ የሠራተኛ ጥቅማ ጥቅም በብር ወይስ በአገልግሎት?

አወያይ፦ ሰላም ለቤቱ። የዛሬው ክርክር የመጣው ከአንድ አባላችን ነው። የሚሠራው እዚሁ ባሕር ዳር፣ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ነው። የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ «ለሠራተኛ ደኅንነት» ተብሎ ከተያዘው ገንዘብ ተረፈ። አለቆቹ ሠራተኛውን ሰብስበው «ምን እናድርግላችሁ?» አሉ። ግማሹ «ደመወዛችን ላይ ጨምሩልን» አለ። ግማሹ ሰርቪስ፣ ክበብ፣ የሕፃናት ማቆያ ጠየቀ። ሳይስማሙ ተበተኑ። እናንተስ ምን ትላላችሁ? የመሥሪያ ቤት ስም መጥራት ክልክል ነው። ባለፈው ስንት መልእክት እንዳጠፋሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

የሒሳብ ሰው፦ ይሄ ምን ያከራክራል? ብር ነው እንጂ! የኛ መሥሪያ ቤት አምና «የሠራተኞች ቀን» ብሎ ቲሸርት አሳተመ። ጣና ዳር ወስዶ ለስላሳ አጠጣን፣ ገመድ አጓተተን። በሳምንቱ አከራዬ ኪራይ ጨመረብኝ። ቲሸርቱን ልስጠው? ደግሞ ሠራተኛ ሕፃን አይደለም። አንዱ የልጅ ትምህርት ቤት አለበት፣ አንዱ ለእናቱ መድኃኒት ይልካል። ለኔ የሚበጀኝን አለቃዬ ከኔ በላይ ያውቃል እንዴ?

ቀበሌ 14፦ ገመድ ጉተታውን ማን አሸነፈ?

የሒሳብ ሰው፦ አስተዳደር። ዳኛውም እነሱ ነበሩ።

ሳይክለኛው፦ እኔ ከሁለቱም ወገን አይደለሁም። የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው፤ ለብስክሌት ማቆሚያ ጥላ፣ ፊትና ብብት የምታጠብበት ቧንቧ። ከተማችን ሜዳ ናት፣ ብስክሌት እንደ ባሕር ዳር የት ይመቻል? በ2016 የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ እንኳ 380 ሜትር ሙሉ ለብስክሌትና ለእግረኛ ቦታ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ያድርግ ይላል። እኔ ይህን ሥራ ስሄድና ስመለስ እጨርሰዋለሁ። ችግሩ ሚያዝያ ላይ ከምሳ ስመለስ ነው። ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጥፎ ባለጉዳይ ፊት እቀመጣለሁ። ብስክሌቴ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ትጠበሳለች። አለቃ መኪናውን የሚያቆምበት ቆርቆሮ ጥግ ላይ 10 ብስክሌት ይገባ ነበር።

ጋሼ ሽምብጥ፦ ልጆች፣ እኔ ጡረታ ልወጣ ጥቂት ነው የቀረኝ። ክበብ ክበብ ስትሉ ሰምቼ ነው። ክበብ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በጨረታ ብዙ ኪራይ ለሚከፍል ሰው ከተሰጠ አለቀ። ሰውየው ኪራዩን ከየት ያምጣ? ከሽሮአችን ነው። እኛ ጋ ሽሮው ከውጭው ዋጋ ጋር እኩል ሆኖ ሳለ ወጡ ግን ቀጠነ። በሁዳዴ 55 ቀን ደግሞ «ደንበኛ የለም» ብሎ ዘጋው። የሚጾመውም የማይጾመውም ምሳ ዕቃውን ይዞ ጠረጴዛው ላይ ሲበላ ከረመ። ክበብ ከጠየቃችሁ ክፍሉን በነፃ ስጡና የምግቡን ዋጋ ተቆጣጠሩ በሉ። አለዚያ ብሩ ይሻላል።

የሒሳብ ሰው፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ! እኔስ ምን አልኩ?

ጋሼ ሽምብጥ፦ ቆይ እንጂ፣ ገና አልደገፍኩህም።

ሕግ አዋቂ፦ የሒሳብ ሰው፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይሰጣል። ከዚያ በየ2 ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ታዲያ ሥራ ላይ እያለህ «ፈቃዱ ይቅርብኝ፣ ብሩን ስጡኝ» ማለት አትችልም። አንተ ብትፈርም፣ አለቃህም ደስ ቢለው ዋጋ የለውም። ለምን ይመስልሃል? ለየራሳችን ቢተውልን ኖሮ ገና ኪራይ ሲጨምር ሁላችንም ሸጠነው ነበር። እኔ ራሴ የመጀመሪያው ሻጭ እሆን ነበር። «ሠራተኛ የሚበጀውን ያውቃል» ያልከው እዚህ ጋ ይሰናከላል።

የሒሳብ ሰው፦ ፈቃድ ሌላ፣ ክበብ ሌላ። አታደባልቅብኝ።

ቀበሌ 14፦ ሰርቪስስ? እኛ ጋ ማምሻውን 12 ሰዓት ካለፈ ባጃጅ እንደፈለገ ነው የሚጠይቀው።

ሕግ አዋቂ፦ የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1956 ባወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 102 ምግብ፣ ማረፊያና መዝናኛ፣ መጓጓዣ ተነሥተዋል። መጓጓዣውን ያነሣው የሕዝብ ትራንስፖርት ለማይበቃበት ቦታ ነው። አምሽቶ ለሚወጣ ሠራተኛ እደግፋለሁ። 11:30 ለሚወጣ ግን ብዙ አያስፈልግም።

የአባይ ማዶዋ፦ እስካሁን እያነበብኩ ነበር። ሁለተኛ ልጄን ስወልድ ከወሊድ በኋላ ያለው ፈቃዴ 90 ቀን ነበር። ከወሊድ በፊት ያለው 30 ቀን ለብቻው ነው። ጤና ጣቢያ ደግሞ «እስከ 6 ወር ከጡት በስተቀር ውኃ እንኳ አትስጪ» አሉኝ። የሒሳብ ሰው፣ ቁጥር የምታውቀው አንተ ነህ። ቀሪውን 3 ወር ማን ይሙላው?

ጠዋት 2:30 እገባለሁ። 4 ሰዓት ሲሆን ጡቴ ይሞላል። ሸሚዜ ሲርስ እንዳይታይ ነጠላ እደርብ ነበር። መዝገብ ቤት ገብቼ ከመደርደሪያው ጀርባ ቆሜ አልባለሁ። በሩ አይቆለፍም። ጓደኛዬ ፋይል የምትፈልግ መስላ ደጃፉን ትጠብቅልኛለች። አንድ ቀን ኃላፊያችን «ይህ ፋይል እስካሁን አልተገኘም?» አላት። 6:30 ሲሆን በባጃጅ ወደ አባይ ማዶ እበራለሁ። አጥብቼ፣ ምሳ ሳልበላ እመለሳለሁ። በ5 ወሯ ወተቴ ቀነሰ። ደመወዜ ላይ 500 ብር ቢጨመርልኝ ኖሮ የባጃጁን እንኳ አይችልም ነበር። እኔ ያጣሁት ደግሞ አንዲት የምትቆለፍ ክፍል ነው። እሷን በ500 ብሬ ከየት ልግዛት?

ሳይክለኛው፦ የኔን ቧንቧ ረስቼዋለሁ። ቀጥሉ።

የሒሳብ ሰው፦ እህቴ፣ አዝናለሁ። የእውነት። ግን የልቤን ልናገር፣ እኔ ልጅ የለኝም። ለማቆያ የሚወጣው ገንዘብ የኔም ድርሻ ነው። እኔ በዚያ ምን አገኛለሁ?

ጋሼ ሽምብጥ፦ እድር ትከፍላለህ አይደል? በየወሩ ስትከፍል ቤትህ ሰው ሞቷል? «ድርሻዬን መልሱልኝ» ብለህ ታውቃለህ? እኔም በእግሬ ነው የምሄደው፣ የሰርቪስ ጉዳይ አይመለከተኝም። ቢሆንም አምሽታ የምትወጣ ልጅ በሰላም ትግባ እላለሁ።

የሒሳብ ሰው፦ እድሩን በወር የምከፍለው በፈቃዴ ነው ጋሼ። ቢሆንም እሺ፣ ገባኝ። ማቆያውን ልቀበል። ቲሸርትና ለስላሳ ግን ከዚህ በጀት ይውጣ! እሱ ለፎቶ ነው። ከማቆያው የሚተርፈው ደግሞ በብር ይከፈለን። ከዚህ ወዲያ አልንቀሳቀስም።

ሕግ አዋቂ፦ በ2010 የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እናቶች የሚያጠቡበትና ልጅ የሚንከባከቡበት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ይል ነበር። ስለዚህ አዲስ ነገር አልጠየቀችም። ሞግዚት ቀጥሮ ሙሉ ማቆያ መክፈት ወጪ አለው፣ አልክድም። ማለቢያ ክፍል ግን ወንበር፣ ጠረጴዛና ቁልፍ ነው። ብዙ በጀት አይፈልግም።

ፐርሶናል፦ ዝም ያልኩት ቲሸርቱን ያሳተምኩት እኔ ስለሆንኩ ነው። የሒሳብ ሰው፣ ማን እንደሆንክ ገመድ ጉተታውን ስታነሣ አውቄሃለሁ። አይዞህ፣ አልናገርም። ዳኛውም እኔ ነበርኩ።

የተረፈው ቲሸርት አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ በ3 ካርቶን ተቀምጧል። ክፍሏ መስኮት አላት። በሯ ይቆለፋል፣ ቁልፉም እኔ ጋ ነው። እኛ ጋ አሁን 2 አራስ እናቶች ፈቃዳቸው ሊያልቅ ነው።

የአባይ ማዶዋ፦ መስኮቱ መጋረጃ አለው?

ፐርሶናል፦ የለውም። ነገ እለካዋለሁ።