ለሒሳብ ትምህርት ብሎግ የትኛው መድረክ ይሻላል?

የቀመር መምህር (ጠያቂ)፦

ጤና ይስጥልኝ። የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነኝ። ተማሪዎች ደጋግመው የሚሰናከሉባቸውን ርዕሶች፣ በተለይ አልጀብራንና ትሪጎኖሜትሪን፣ በአማርኛ ደረጃ በደረጃ የማብራራበት ብሎግ ለመክፈት አስቤአለሁ። መረጃ ፍለጋ ስገባ ግን ብሎገር፣ ወርድፕረስ፣ ሚዲየም፣ ሰብስታክ፣ ጎስት እያሉ ስሞቹ ተደራረቡብኝ። አንዱ የሚያወድሰውን ሌላው ያጣጥለዋል።

ሁኔታዬ እንዲህ ነው። ኮድ መጻፍ አልችልም። ቢያንስ በመጀመሪያው ዓመት ገንዘብ ባላወጣ እመርጣለሁ። የምጽፈው በአብዛኛው በስልክ ነው። ጽሑፎቼ ክፍልፋይና ዳግም ዘር ይበዛባቸዋል። ነገ ሌላ ቦታ ልሂድ ብል ደግሞ የጻፍሁት ሁሉ እዚያው ታስሮ እንዳይቀር እፈራለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የቆየ ጦማሪ፦

መምህር፣ የዘረዘሯቸውን አንድ ላይ ሳያቸው መልሴ ብሎገር ነው። በ1999 የተጀመረ፣ ከ2003 ወዲህ በጉግል እጅ ያለ አገልግሎት ነው። አርጅቷል፤ መልኩም ዓይን አይስብም። ነገር ግን ነጻ ነው፤ አንባቢ በዛ ብሎ ክፍያ አይጠይቅም፤ ሰርቨር (ገጹ የሚቀመጥበትን ኮምፒውተር) የመጠበቅ ጣጣም የለበትም። የራስዎን ዶሜይን (የድረ ገጽ ስም) ሲገዙ ብሎገር ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያያይዝልዎታል። ጽሑፎቹንና አስተያየቶቹን በአንድ ፋይል ማውረድ ይችላሉ፤ ወርድፕረስም ያንን ፋይል ይቀበላል። በፋይሉ ውስጥ የሚገኘው ግን የፎቶዎቹ አድራሻ እንጂ ፎቶዎቹ ራሳቸው አይደሉም። ስለዚህ የሚሥሏቸውን ሥዕሎች ዋና ቅጂ በራስዎ ዘንድ ያስቀምጡ።

ሰርቨር ጠባቂ፦

መጀመሪያ አንድ ነገር ይጥራ። ወርድፕረስ ሲባል ሁለት ነገር ነው። አንደኛው በ2003 የወጣው ነጻ ሶፍትዌር ነው፤ ሆስቲንግ (ገጹ የሚቀመጥበት የሰርቨር ቦታ) ተከራይተው፣ ዶሜይን ገዝተው ራስዎ ይጭኑታል። ሁለተኛው ወርድፕረስ ዶት ኮም የሚባለው፣ ያንኑ ሶፍትዌር ተጭኖ የሚያቀርብ ድርጅት ነው። የድርጅቱ ነጻ አማራጭ በገጽዎ ላይ የራሱን ማስታወቂያ ያሳያል፤ የራስዎን ዶሜይንም አያያይዝም። ቀመር ግን ያለ ምንም ተጨማሪ ሥራ ይቀበላል፤ ይህን መካድ አይቻልም።

በራስ ሆስቲንግ የሚሠራው ወርድፕረስ ሁሉን ነገር በእጅዎ ያደርገዋል፦ ጽሑፉን፣ ፎቶውን፣ የገጹን መልክ። ዋጋው ግን ኪራዩ ብቻ አይደለም። ሶፍትዌሩንና ፕለጊኖቹን (ተጨማሪ ሥራ እንዲሠራ የሚጫኑበትን ትናንሽ ፕሮግራሞች) ማደስ የዘወትር ሥራ ነው፤ ሰርጎ ገቦች ብዙውን ጊዜ የሚገቡት ባልታደሰ ፕለጊን ነው። መጠባበቂያ ቅጂም ራስዎ መያዝ አለብዎት። ስሙን የማልጠራው አንድ ሆስቲንግ ድርጅት «በየቀኑ ቅጂ እንይዛለን» እያለ፣ ገጹ በተበላሸ ዕለት የሚመልሰው ነገር አጥቶ አይቻለሁ። የብሎግዎ አንባቢ ሲበዛ ወርድፕረስ ላይ መድረስዎ አይቀርም ብዬ አስባለሁ። ዛሬ በስልክ እየጻፉ፣ ኮድ ሳያውቁ ይጀምሩበት ግን አልልም።

ሌሊት ጸሐፊ፦

ሰብስታክን ማንም ሳያነሳው ሊያልፍ ነው። በ2017 የተመሠረተ ነው፤ ጽሑፍዎ በወጣ ቁጥር በተመዝጋቢው ኢሜይል ይደርሳል። የተመዝጋቢዎቹን ዝርዝር ማውረድ ይችላሉ፤ መድረኩን ቢለቁ አንባቢዎችዎን ይዘው ይሄዳሉ ማለት ነው። የሒሳብ ቀመር ማስገቢያም አለው። በነጻ እስከጻፉ ድረስ ምንም አይከፍሉም፤ አንባቢን ካስከፈሉ ግን ከገቢው 10 በመቶ ይወስዳል፤ የካርድ ክፍያ አስተላላፊው ድርሻ ሲጨመርበት ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ክፍያው የሚያልፈው ስትራይፕ በሚባለው አስተላላፊ ስለሆነ፣ ስትራይፕ በሚኖሩበት አገር መሥራቱን አስቀድመው ያረጋግጡ።

ሚዲየምን ይተዉት። የቀመር ማስገቢያ የለውም፤ አንባቢንም ተመዝገብ እያለ ያሰለቻል። በ2012 የመሠረተው ሰው ብሎገርን ከፈጠሩት አንዱ የሆነው ኢቫን ዊልያምስ መሆኑን ሳስብ ይገርመኛል። ጎስት ጥሩ ነው፤ ከደንበኝነት ገቢም ድርሻ አይወስድም፤ ነገር ግን ወይ ወርኃዊ ክፍያ ይከፍላሉ፣ ወይ ራስዎ ሰርቨር ላይ ይጭኑታል።

የቆየ ጦማሪ፦

እህቴ፣ ስለ ሰብስታክ ያልሽው ሁሉ ትክክል ነው፤ አንባቢው ግን ማን እንደሆነ እንይ። የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ጠዋት ኢሜይሉን ከፍቶ ትሪጎኖሜትሪ አያነብም። ፈተና ሲደርስ ጥያቄውን ጉግል ላይ ጽፎ ነው የሚመጣው። ለእንዲህ ዓይነቱ አንባቢ ተፈልጎ የሚገኝ፣ በርዕስ የተደረደረ ገጽ ይበልጣል።

ሌሊት ጸሐፊ፦

በዚህ እረታለሁ። ወላጆችና መምህራን የሚያነቡት ቢሆን ኖሮ ግን እከራከርህ ነበር።

በጆሮ አንባቢ፦

መምህር፣ መድረኩን ከመምረጥዎ በፊት አንድ ልመና አለኝ። ዓይነ ስውር ነኝ፤ የማነበው በስክሪን አንባቢ ነው። ብዙ የሒሳብ ገጾች ቀመሩን ፎቶ አንስተው ይለጥፉታል። እኔ ጋ ሲደርስ «ምስል» የሚል ቃል ብቻ ይሰማል፣ ከዚያ ዝምታ። ለሚያየውም ቢሆን ፎቶ በስልክ ሲያጎሉት ይደበዝዛል፤ ከቀመሩ አንድ ምልክት ለማረም እንደገና መሥራት ይጠይቃል። ቀመሩን በላቴክ፣ ማለትም ቀመርን በተራ ፊደልና ምልክት በሚገልጸው የአጻጻፍ ስልት፣ ይጻፉት። ማትጃክስ የሚባል ነጻ መሣሪያ ያንን ወደሚታይና ወደሚነበብ ቀመር ይለውጠዋል።

የቀመር መምህር፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወደ ብሎገር አዘንብያለሁ። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ማትጃክስ ኮድ ለማያውቅ ሰው ይቻላል? ጉግል ደግሞ አገልግሎት መዝጋት ልማዱ ነው፤ ብሎገርንም ቢዘጋውስ?

ሰርቨር ጠባቂ፦

ይቻላል። ኮምፒውተር ላይ ተቀምጠው አንድ ጊዜ የሚሠራ ነገር ነው። የገጹን ቴም (መልኩን የሚወስነውን ንድፍ) ቅጂ መጀመሪያ ያውርዱ፤ ከዚያ የቴሙን ኮድ ከፍተው «ሄድ» (head) የሚባለው ክፍል ከሚዘጋበት መስመር በላይ ማትጃክስን የሚጠራውን ኮድ ይለጥፋሉ። ከዚያ በኋላ በስልክም ይጽፋሉ። ለክፍልፋይ ወደ ኋላ ያጋደለ ሰረዝ፣ ፍራክ (frac) የሚለውን ቃል በላቲን ፊደል፣ ቀጥሎ ላዕሉንና ታሕቱን በየራሳቸው ጥምዝ ቅንፍ ማስገባት ነው። በአንድ ሳምንት እጅዎ ይለምደዋል።

መዘጋቱን በተመለከተ፣ ጉግል ሪደር በ2013፣ ጉግል ፕላስ በ2019 ተዘግተዋል፤ ስጋትዎ መሠረት አለው። መከላከያው የራስ ዶሜይንና በየጊዜው የሚወርድ ቅጂ ነው። የብሎገር ሊንክ ዓመት፣ ወር፣ ከዚያ የጽሑፉ ስም ሆኖ በኤችቲኤምኤል ያበቃል። ወርድፕረስ ላይ የሊንኩን አሠራር ልክ እንደዚያ ማስተካከል ስለሚቻል፣ ዶሜይኑ የእርስዎ ከሆነ የድሮ ሊንኮች መሥራታቸውን ይቀጥላሉ።

የቆየ ጦማሪ፦

ሊንክ ከተነሳ አማርኛ ጸሐፊዎችን የሚያደናግረውን ልጨምር። ብሎገር ሊንኩን ከርዕሱ ሲያወጣ የላቲን ፊደል ካላገኘ «ብሎግ ፖስት» የሚል ስም ሰጥቶ ቁጥር ይጨምርበታል። ሃምሳ ጽሑፍ ሲኖርዎት የትኛው የትኛው እንደሆነ አይለዩትም። ወርድፕረስ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ የግዕዙን ፊደል ይቀበላል፣ ግን እያንዳንዱ ፊደል በሊንኩ ውስጥ ዘጠኝ ምልክት ይሆናል። የሚፈቀደው 200 ምልክት ስለሆነ ርዕሱ ከ22 ፊደል በኋላ ይቆረጣል፤ ለሰው ሲልኩትም በፐርሰንት ምልክት የተሞላ ረጅም ጭራ ይሆናል። በሁለቱም ቦታ ከማተምዎ በፊት ሊንኩን በአጭር የላቲን ቃል ራስዎ ይሰይሙት።

ብሎጉ በአንድ የጉግል አካውንት ላይ ብቻ እንዳይንጠለጠልም ሁለተኛ አካውንትዎን አስተዳዳሪ አድርገው ያስገቡ።

የቀመር መምህር፦

ገባኝ። ብሎገር፣ ማትጃክስ፣ ሊንክ በላቲን። ዶሜይኑን ዛሬ ልግዛ ወይስ ዓመቱ ይለፍ?

ሰርቨር ጠባቂ፦

ይቆይ ቢሉም አይጎዳዎትም፤ በኋላ ሲያያይዙት ብሎገር በነጻ የሰጠዎት የብሎግስፖት አድራሻ አንባቢውን በራሱ ወደ አዲሱ ይመራዋል። ነገር ግን የሚፈልጉትን ስም ሌላ ሰው ሊወስደው ይችላል፤ ስሙ ላይ ከቆረጡ ከሁሉ በፊት ገንዘብ የሚወጣበት እሱ ነው። በራስዎ ስም ያስመዝግቡ እንጂ «እኔ ልግዛልህ» ለሚል ወዳጅ አይተዉት። የሚያስመዘግቡት ኢሜይልም በዚያው ዶሜይን ላይ የተከፈተ አይሁን፤ ዶሜይኑ ጊዜው ካለፈ የማሳደሻው ማስጠንቀቂያ ራሱ አይደርስዎትም።